ሜዳው ወዴት ሄደ? ከካልሲ ኳስ እስከ መግቢያ ቲኬት

ልጅን ለማጫወት ገንዘብ መክፈል ለአዲስ አበባ ወላጅ የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። የዛሬ አርባ ዓመት ልጅ ለጨዋታ ይወጣል እንጂ አይወሰድም ነበር። ደጅ ላይ ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ ድብብቆሽና የካልሲ ኳስ ይጠብቁታል። ሲመሽ እናቱ ከበር ሆና ስሙን ትጠራለች። ጎረቤቱ ሁሉ ጠባቂው ነው፤ ካጠፋም ይቆጣዋል። ዛሬ የቦሌ ወላጅ ልጁን አለባብሶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ በር ላይ ከፍሎ ይገባል፤ ከገባ በኋላም ለባቡሩ ለብቻ፣ ለመኪናው ለብቻ ይከፍላል። ይህ እንዴት መጣ? መልሱ ያለው መሬቱ ላይ ነው።

ቦሌን ከተማ ያደረገው አውሮፕላን ነው። የልደታው አየር ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃ፣ በ1950ዎቹ ከከተማው ውጪ በነበረው የእርሻና የግጦሽ መሬት ላይ አዲስ ማረፊያ ተሠራ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720 ጄቶች በ1955 ዓ.ም. ተረከበ። በዚያው ዓመት ግንቦት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት፣ የቦሌ መንገድ የእንግዳ መቀበያ ሆነ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቪላዎች በቀሉ። በቪላዎቹ መካከል ግን ገና ሰፊ ባዶ ቦታ ነበር፤ ማንም «የልጆች መጫወቻ» ብሎ ሳይሰይመው ልጆች ይጫወቱበት ነበር።

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ ባዶ ቦታ የሚሸጥ የሚለወጥ ዕቃ መሆኑ ቀረ። የደርግ ዘመን በብዙ ነገር የሚወቀስ ነው። ሆኖም ሜዳውን ለመሸጥ የሚቸኩል ስላልነበረ ሜዳው ባለበት ቆየ። ሁኔታው የተለወጠው ከሊዝ ጋር ነው። አዋጅ ቁጥር 80/1986 የከተማ መሬትን በሊዝ እንዲያዝ አደረገ፤ መሬት እንደገና በካሬ ሜትር ዋጋ ወጣለት። ዋጋ የወጣለት መሬት ደግሞ ለካልሲ ኳስ አይተውም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው ኮንዶሚኒየም ወደ ሰሚት፣ አያትና ቦሌ አራብሳ ተስፋፋ። ብዙ ሺህ ቤተሰብ ጣሪያ አገኘ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በየብሎኩ መካከል የቀረው ክፍት ቦታ ግን መኪና እየበዛ ሲሄድ ማቆሚያ ሆነ።

የመዝናኛ ፓርኩ የመጣው ይህ ክፍተት ሲፈጠር ነው። ቦሌ ላይ ቦራ ፓርክ፣ መድኃኔዓለም አካባቢ ደግሞ ኤድና ሞል ከሲኒማው ጋር የልጆች መጫወቻ ይዘው ብቅ አሉ። በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ልጅን ወደ እንዲህ ዓይነት ቦታ መውሰድ እንደ አዲስ ልብስ የበዓል ግዴታ እየሆነ ሄደ።

የዓለም ታሪክ እዚህ ላይ የሚያስተምረን ነገር አለ። የኮፐንሃገኑ ቲቮሊ እ.ኤ.አ. በ1843 ሲከፈት፣ መሥራቹ ንጉሡን ያሳመነው «ሕዝብ ሲዝናና ስለ ፖለቲካ አያስብም» ብሎ ነው ይባላል። ዋልት ዲዝኒ ደግሞ ዲዝኒላንድን ያሰበው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሴት ልጆቹ በሚሽከረከሩት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ መሆኑን ተናግሯል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ የለም ብሎ ተነሣ፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1955 ተከፈተ። የዲዝኒ ጥያቄ ወላጅ ምን ይሥራ የሚል ነበር። የአዲስ አበባ ጥያቄ ግን ልጁ የት ይሂድ የሚል ነው።

ለፓርኩም ፍትሕ እንስጠው። ከመኪና የተጠበቀ ቦታ ነው። ሌላም ብዙ የማይወራለት ውለታ አለው፤ አባትን አጫውቷል። በቀደመው አስተዳደግ አባት ይፈራል፣ ይከበራል፤ በአደባባይ ከልጁ ጋር አይላፋም። ዛሬ ከረባት ያሠረ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ትንሿ መኪና ውስጥ ሲገባ፣ ልጁም መሪውን ሲያዞርለት ማየት እንግዳ አይደለም። ይህ ለአንድ ትውልድ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ችግሩ በሩ ላይ ነው። ሦስት ልጆች ያሉት የመንግሥት ሠራተኛ የታክሲውን፣ የመግቢያውን፣ የየጨዋታውንና የአይስክሬሙን ደምሮ ሲያበቃ ጉዞው ለገና ይተላለፋል፤ ገናም ሲደርስ ለፋሲካ። የፓርኩ ጥበቃ ልጅ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ሙዚቃውን ከአጥር ውጪ ይሰማሉ። ሜዳው ድሃና ሀብታም ሳይል በአንድ ኳስ ያጋፋ ነበር። ቲኬቱ ግን ልጆችን ገና በአምስት ዓመታቸው ለየ።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ከመውጣታቸው ከአንድ ሳምንት በፊት። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት ይለዋል። መንግሥት ቢለወጥም ፊርማው ጸንቷል። መብት የተባለው ነገር በሊዝ ዋጋ ሲመዘን ግን ማንም አልተሟገተለትም።

ባለፉት ዓመታት ነገሩ መነቃነቁ አይካድም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» አስፋልቱን ለጥቂት ሰዓታት ለልጆች መለሰ። በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክና ወዳጅነት አደባባይ ተመረቁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም የኮሪደር ልማቱ ከቦሌ ኤርፖርት እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ ለውጧል። ነገር ግን የከተማ ሚዛን በትልቁ ፓርክ ውበት አይለካም። የአምስት ዓመት ልጅ ዓለም እግሩ የሚደርስበት ያህል ነው። ከቤቷ በመቶ እርምጃ ርቀት ላይ ያለ፣ በር የሌለው፣ ቲኬት የማይጠይቅ ቁራሽ ሜዳ ለአራብሳዋ ሕፃን ከሩቁ የሚያምር ፓርክ ይበልጥባታል። እንዲህ ያለው ቁራሽ በየኮንዶሚኒየሙ ካርታ ላይ ተሰምሮ፣ ከመኪና ማቆሚያም ከሱቅም ተጠብቆ እስኪገኝ ድረስ፣ ወላጅ ቲኬት መቁረጡን ይቀጥላል። ያልቻለው ደግሞ ልጁን ቤት ዘግቶ ቴሌቪዥን ይከፍትለታል።