የቋራው ሽፍታና የመቅደላ እስረኞች

ከደሴ ከሆጤ ተነሥቶ በኩታበር በኩል ወደ ተንታ የሚዘልቅ መንገደኛ በመጨረሻ የመቅደላን ዐምባ ያያል። የወሎ አገር ለእስር የሚመች ገደል አጥቶ አያውቅም። ግማደ መስቀሉ ያለበት ግሸን እንኳ ዛሬ ምእመናን የሚሳለሙት ደብር ቢሆን፣ የግራኝ ጦር እስካጠፋው ድረስ ለዘውድ ይፎካከራሉ ተብለው የተፈሩ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ዐምባ ነበረ። በጐንደር ዘመን ይኸው ሥራ በበጌምድር ወዳለው ወደ ወኅኒ ዐምባ ተዛወረ፤ ሕዝቡም እስር ቤትን ሁሉ ወኅኒ ብሎ የሚጠራው ከዚያ ወዲህ ነው። ዳሩ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የመቅደላ ነገር ነው፤ ዐምባውን ወኅኒ ያደረገው ሰው ራሱ ሽፍታ የነበረ ነውና።

ካሣ ኃይሉ በገዳም ፊደል ቈጥሮ ያደገ የቋራ ልጅ ነው። ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ግዛታቸው በእቴጌ መነን እጅ ስለ ገባ፣ ወደ ቈላ ወርዶ ሸፈተ። ሽፍታ በጠመንጃው ብቻ አይኖርም፤ ስንቅ የሚያቀብለውና ወሬ የሚነግረው ባላገር ካጣ አንድ ክረምት አይከርምም። ካሣ ይህን ቀድሞ ያወቀ ይመስላል። ታሪኩን የጻፈው ደብተራ ዘነብ እንደሚተርከው፣ የዘረፈውን ገንዘብ ለቋራ ገበሬዎች መቈፈሪያ ይገዙበት ዘንድ አከፋፈለ። ከዚያም መሳፍንቱን ተራ በተራ ድል አድርጎ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ፣ ዓፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ንጉሡም ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ ብለው ዐዋጅ ነገሩ። የአባቶቻችን ሥራ ውንብድና ነው ብለው፣ ታጥቀው ከፊታቸው የቀረቡ ሰዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። በሬና ማረሻ ልስጣችሁ ቢሏቸው እንቢ ስላሉ በፈረሰኛ አስፈጇቸው። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ዓፄ ቴዎድሮስ ከማንም ይልቅ ያውቋቸው ነበር።

መቅደላ በ1848 ዓ.ም. ከተያዘ በኋላ የመኳንንት እስር ቤት ሆነ። የእግር ብረቱ በድንጋይ ላይ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይዘጋል፤ መዶሻው ቢስት አጥንት ይሰብራል። ቀለብ የሚያመጣለት ዘመድ ወይም አሽከር የሌለው እስረኛ ይራባል። የሸዋው ወጣት ምኒልክ ግን በብረት ሳይሆን በክብር ተጠብቀው ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ፤ የንጉሡንም ልጅ አልጣሽን አገቡ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. በሌሊት አምልጠው ወደ ወሎዋ እመቤት ወደ ወርቂት ገቡ። የወርቂት ልጅ በዚያው ዐምባ ታስሮ ነበርና፣ ንጉሡ እርሱንና ሌሎቹን የወሎ መኳንንት በጭካኔ አስገደሉ። የሟቾቹ ወገን ሁሉ ደመኛ ሆነ፤ ብረቱ እየበዛ በሄደ መጠን ሸፋቹም በየአገሩ በዛ። የቀቧቸው አቡነ ሰላማ እንኳ በመቅደላ እስረኛ እንደ ሆኑ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐረፉ።

የእንግሊዝ ጦር ስለ ታሰሩት አውሮፓውያን በመጣ ጊዜ፣ በሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ኢትዮጵያውያኑን እስረኞች ወደ ሰላምጌ አስወርደው ይፈቱ ጀመር። የንጉሡን ጀግንነት የሚያወድሱ ብዙዎች ይህችን ቀን በዝምታ ያልፏታል፤ ዕለቱም ጸሎተ ሐሙስ ነበረ። ገና ያልተፈቱት እንጀራና ውኃ ብለው ጮኹ። ንጉሡ በጩኸቱ ተቈጡ፤ ብዙዎቹም ተገድለው ወደ ገደል ተጣሉ። ከሞቱት መካከል ምንም በደል ሳይኖርባቸው ስለ ዘመዶቻቸው ሽፍትነት ብቻ የታሰሩ ይገኙባቸዋል።

በማግሥቱ በስቅለት ዕለት ሠራዊታቸው በአሮጌ ድል ሆነ። በቀዳም ሥዑር እነ ራሳምን ለቀቁ። በማዕዶት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ የጠላት ጦር በኮኪት በር ሲገባ የማንም እስረኛ ላለመሆን ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ። በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ፤ ከአራት ቀን በኋላ እንግሊዞች ቤተ ክርስቲያኑንም ዐምባውንም አቃጠሉ። በሕይወት የተረፉት እስረኞች ብረታቸው ተፈትቶ ወደየአገራቸው ወረዱ።