አንድ ኪኒን፣ ብዙ ሕግ፦ የትኩረት መድኃኒት በየድንበሩ ያለው ታሪክ

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለስድስት ወር ሥራ ወደ ሌላ አገር የሚላክ ወገናችን ቪዛውን፣ የትምህርት ማስረጃውንና የባንክ ካርዱን አሟልቶ ይነሣል። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ግን ከጥርስ ብሩሹ ጋር ሻንጣ ውስጥ ወርወር ያደርገዋል። መድኃኒቱ ለደም ግፊት የሚወሰድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂ የለውም። የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር፣ በተለምዶ ኤዲኤችዲ ለሚባለው የሚወሰድ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ትናንት ፋርማሲ ውስጥ በፈገግታ የተሰጠው ኪኒን ዛሬ በሌላ አገር አየር ማረፊያ የእስር ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ኪኒኑ አንድ ሆኖ ሳለ ሕጉ ለምን በዛ? የአገራችን ሰው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላል። እያንዳንዱ አገር ይህን መድኃኒት የሚዳኘው ሐኪሞቹ በሚያውቁት ብቻ ሳይሆን በራሱ ላይ በደረሰው መከራ ትዝታ ጭምር ነው። መንገደኛው በእጁ የያዘው የሐኪም ማዘዣ ነው፤ ጉምሩኩ የሚያነበው ግን የአገሩን ታሪክ ነው። እኔ መሐንዲስ እንጂ ሐኪምም ጠበቃም አይደለሁም። ቢሆንም አንድ ነገር ለምን እንደዚያ ተሠራ ብሎ መጠየቅ የሙያዬ ልማድ ነውና እስቲ ታሪኩን አብረን እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኪኒኑ ከየት መጣ?

አምፌታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር በ1887 በርሊን ውስጥ መጀመሪያ የሠራው ሮማኒያዊው ኬሚስት ላዛር ኤዴሊያኑ ነበር። በ1893 ደግሞ ጃፓናዊው ናጋይ ናጋዮሺ የቅርብ ዘመዱን ሜትአምፌታሚንን ሠራ። ሁለቱም ግኝቶች ለአሥርተ ዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ።

በ1937 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት የጠባይና የነርቭ ችግር ያለባቸው ሕፃናት በሚታከሙበት ተቋም የሚሠራ ቻርልስ ብራድሊ የተባለ ሐኪም ቤንዘድሪን የተባለውን የአምፌታሚን መድኃኒት ለ30 ልጆች ሰጠ። መነሻው በምርመራ ምክንያት የሚመጣባቸውን ራስ ምታት ማስታገስ ነበር። ራስ ምታቱን ብዙም አልረዳም፤ ነገር ግን ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ በትምህርታቸው ላይ አስገራሚ መሻሻል አሳዩ። የሚያነቃቃ መድኃኒት ቅብጥብጡን ልጅ ሲያረጋጋው መታየቱ ሐኪሞቹን ግራ ያጋባ ነበር። በ1944 የስዊዘርላንዱ ሲባ ኩባንያ ኬሚስት ሌአንድሮ ፓኒዞን ሜቲልፌኒዴትን ሠራ፤ የንግድ ስሙንም ከባለቤቱ የቁልምጫ ስም «ሪታ» ወስዶ ሪታሊን አለው። ዛሬ ለዚህ ችግር የሚታዘዙት ዋና ዋና አነቃቂዎች ከእነዚህ ሁለት ቤተሰቦች፣ ከአምፌታሚንና ከሜቲልፌኒዴት፣ የሚመዘዙ ናቸው።

ጃፓን፦ የጦርነት ጠባሳ

ይህ ንጥረ ነገር በክፍል ውስጥ ከመታወቁ በፊት በጦር ሜዳ ታወቀ። በጀርመን ከ1938 ጀምሮ ፐርቪቲን፣ በጃፓን ከ1941 ጀምሮ ፊሎፖን በሚባል ስም ሜትአምፌታሚን ለገበያ ቀረበ፤ ለወታደሩም፣ ለፋብሪካ ሠራተኛውም ታደለ። ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ በጃፓን የተከማቸው ክምችት ወደ ገበያ ወጣ። ተርቦና ቤቱ ተቃጥሎ የነበረው ሕዝብ፣ በተለይ ወጣቱ፣ ሱስ ውስጥ ገባ። መንግሥት በ1951 የአነቃቂ ንጥረ ነገሮች ቁጥጥር ሕግ አወጣ። ሕጉ በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1954፣ በዚሁ ወንጀል የተያዙት ሰዎች ከ55,000 በላይ ነበሩ።

አሜሪካ ውስጥ በስፋት የሚታዘዘው አደራል ዛሬም ጃፓን መግባት የማይችለው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። ውስጡ ያለው አምፌታሚን ነውና የአሜሪካ ሐኪም ማዘዣ አያድነውም፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቢሮም የለውም። በአንጻሩ የሜቲልፌኒዴት ዝርያ የሆነው ኮንሰርታ በ2007 ለልጆች፣ በ2013 ለአዋቂዎች ጃፓን ውስጥ ተፈቅዷል፤ ሐኪሙም ፋርማሲውም በልዩ መዝገብ ተመዝግበው ነው የሚያስተናግዱት። በ2019 ሊስዴክስአምፌታሚን (ቫይቫንስ) ለልጆች ተፈቅዷል፤ ከውጭ ይዞ ለመግባት ግን የቅድሚያ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ለአሜሪካዊ ሐኪም አደራልና ቫይቫንስ ወንድማማቾች ናቸው። ለጃፓን ጉምሩክ ግን አንዱ ወንጀል፣ ሌላው ማመልከቻ ነው።

በ2015 አንዲት አሜሪካዊት ወጣት ሐኪም ያዘዘላት አደራል በሌላ መድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ሆኖ ጃፓን በፖስታ ስለደረሰ ተይዛ 18 ቀን ታስራለች። ማዘዣዋ እውነተኛ ነበር። ብልቃጡ ግን የሌላ ሆኖ ተገኘ።

«ሊፈቅዱ ይችላሉ» የምትለው ሐረግ

በ1971 መንግሥታት ቪየና ላይ ስለ አእምሮ አነቃቂና አደንዛዥ መድኃኒቶች ስምምነት ተፈራረሙ። አምፌታሚንም ሜቲልፌኒዴትም በሁለተኛው ሠንጠረዥ ገቡ፤ ሕክምናዊ ጥቅማቸው ታውቆ፣ ብርቱ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ማለት ነው። ስምምነቱ መንገደኛውን አልረሳውም። በአራተኛው አንቀጽ አገሮች ለግል መጠቀሚያ የሚሆን አነስተኛ መጠን ይዞ መግባትን «ሊፈቅዱ ይችላሉ» ይላል፤ መድኃኒቱ በሕጋዊ መንገድ መገኘቱን የማረጋገጥ መብትም ይሰጣቸዋል። «ይፈቅዳሉ» ቢል ኖሮ ይህን ጽሁፍ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። «ሊፈቅዱ ይችላሉ» ስላለ ግን እያንዳንዱ መንግሥት በሩን በገዛ ትዝታው ልክ ከፈተ።

አውሮፓውያኑ በ1990 በተፈረመው የሼንገን ማስፈጸሚያ ስምምነት በመካከላቸው አንድ ወረቀት ፈጠሩ፦ በሚኖሩበት አገር ባለሥልጣን የተረጋገጠ፣ ለ30 ቀን የሚያገለግል የምስክር ወረቀት። ለአጭር ጉብኝት ይበቃል፤ ለስድስት ወር ሥራ የሄደ ሰው ግን በ31ኛው ቀን ምን ሊውጥ ነው? አሜሪካም በ1970 ባወጣችው ሕግ መሠረት በዚህ ምድብ ያለ ማዘዣ አይታደስም፤ ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ ማዘዣ ያስፈልጋል። ሐኪም በአንድ ጊዜ በተከታታይ ማዘዣዎች ሊጽፍ የሚችለው እስከ 90 ቀን የሚደርስ ነው። ከአሜሪካ ወደ ውጭ በፖስታ መላክም ክልክል ነው። እንግዲህ አንዱ አገር እንዳይወጣ ይቆልፋል፣ ሌላው እንዳይገባ ይቆልፋል፤ በጊዜያዊነት ውጭ የሚኖረው ሰው መካከል ላይ ይቀራል።

ካፕታጎንና ጫት፦ ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ

የዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ጥብቅነትም የራሱ ታሪክ አለው። ካፕታጎን በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ የተሠራ መድኃኒት ሲሆን ለቅብጥብጥ ልጆች ሕክምና ይታዘዝ ነበር። በ1986 በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ ገብቶ እንደ መድኃኒት ቢጠፋም ስሙ አልጠፋም፤ በዚያው ስም ሐሰተኛ የአምፌታሚን ኪኒን እየተሠራ፣ በተለይ በሶሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ጎረቤቶቿ በሚሊዮን እየተቆጠረ ጎረፈ። ስለዚህ የባሕረ ሰላጤው ጉምሩክ ሠራተኛ የአምፌታሚን ኪኒን ሲያይ ትዝ የሚለው የትምህርት ቤት ልጅ አይደለም። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እንዲህ ያለውን መድኃኒት ይዞ ለመግባት ከጉዞ በፊት ፈቃድ መጠየቅ የግድ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በጫት አይተነዋልና። አወዳይ ገበያ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጠው፣ መንግሥት ቀረጥ የሚሰበስብበት፣ ለውጭ ምንዛሪ የሚላከው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለየ፣ በ1986 በስምምነቱ አንደኛ ሠንጠረዥ ገባ። ብሪታንያ እስከ 2014 ድረስ ጫትን በሕጋዊ መንገድ ታስገባ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሰኔ ወር ከለከለች። ትናንት ለንደን ውስጥ እንደ አትክልት ይሸጥ የነበረው በማግሥቱ ወንጀል ሆነ። ቅጠሉ አልተለወጠም።

በሽታውን የደበቀ

እዚህ ላይ ነው የእኛው ጣጣ የሚጀምረው። በማኅበረሰባችን የልጁ ወይም የአዋቂው ትኩረት ማጣት አሁንም «ብልግና»፣ «ስንፍና» ወይም የወላጅ አስተዳደግ ጉድለት ተደርጎ ይቆጠራል። በዚህ የተነሣ መድኃኒቱ ከአያት፣ ከጎረቤት፣ አንዳንዴም ከትዳር ጓደኛ ይደበቃል። የሚደበቅ መድኃኒት ደግሞ በቪታሚን ብልቃጥ ይገባል፤ ሲያልቅም «መንገደኛ ካለ በሰው እጅ ላኩልኝ» ይባላል። በሰው እጅ ቡናና በርበሬ መላላክ ያማረ ባህላችን ነው። ቁጥጥር የሚደረግበትን መድኃኒት በማያውቅ ሰው ሻንጣ ማስገባት ግን ያንን ደግ መንገደኛ ለወኅኒ መዳረግ ነው።

ከላይ ያየናቸው ሕጎች በሙሉ የሚመሳሰሉበት አንድ ነጥብ አለ። በር ያላቸው ሁሉ በሩን የሚከፍቱት አስቀድሞ ለሚናገር ሰው ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለጠየቀ፣ ምስክር ወረቀት የሚጻፈው ላመለከተ ነው። ባህላችን ግን ዝም በል ይለናል።

ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ወገናችን ከወራት በፊት የመዳረሻውን አገር ኤምባሲና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በጽሑፍ ይጠይቅ። በንግድ ስም ሳይሆን በንጥረ ነገሩ ስም ይጠይቅ፤ ድንበር የሚያውቀው እሱን ነውና። መድኃኒቱን ከነስሙ በተሰጠበት ብልቃጥ፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ይያዝ። ቆይታው ረጅም ከሆነ እዚያው ሐኪም ዘንድ የሚቀጥልበትን መንገድ የሕክምና መዝገቡን ይዞ ቀድሞ ያመቻች። መድኃኒቱ በዚያ አገር ጨርሶ የተከለከለ ከሆነም ከሐኪሙ ጋር ስለ ሌላ አማራጭ ይነጋገር፤ ለምሳሌ በ2002 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው አቶሞክሴቲን ከአነቃቂዎቹ ወገን አይደለም። በራስ ፈቃድ ማቋረጥም ሆነ መለወጥ ግን አይገባም።

መንግሥታቱ የጦርነትና የሱስ ትዝታቸውን ቶሎ አይረሱም፤ እኛም ልናስረሳቸው አንችልም። የራሳችንን ዝምታ መስበር ግን በእጃችን ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ ስለ ጉምሩክ አስበው ባይሆንም፣ ዛሬ ለስድስት ወር ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የሚያገኝ አይመስለኝም።

ቸር ይግጠመን።