የማን እንግሊዝኛ ነው የተማርነው?

እንግሊዝኛን እንደ ፈረንጅ መናገር በአገራችን የመማር ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ወላጅ ለልጁ ትምህርት ቤት ሲመርጥ የመምህራኑን ቅላፄ ያዳምጣል፤ ተማሪም ሐሳቡን አደራጅቶ ሳለ በአነጋገሩ አፍሮ ዝም ይላል። ለዚህ ሁሉ መነሻው፣ ድሮ እንግሊዝኛ ከባለቤቶቹ አፍ ይቀዳ ነበር፣ የተበላሸው በኋላ ነው የሚል እምነት ነው። የትምህርት ታሪካችን ግን ይህን እምነት አይደግፍም።

በ1901 ዓ.ም በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ፤ በዘመኑ ከውጭ ቋንቋዎች ሁሉ የሚቀድመውም ፈረንሳይኛ ነበር። በ1917 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ከፈረንሳይኛ ጎን ለጎን ያስተምር ነበር። እንግሊዝኛ የበላይ የሆነው ጣሊያን ተሸንፎ ከወጣበት ከ1933 ዓ.ም በኋላ ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን ንጉሠ ነገሥቱ የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት እንዲመሩ የጠሯቸው ጀስዊት የተባሉት የካናዳ ካቶሊክ ካህናት ናቸው። በ1943 ዓ.ም የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት አባ ሉሲየን ማት ከእነዚሁ አንዱ ሲሆኑ፣ የመጡትም ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት ከኩቤክ ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳቡንና ሳይንሱን ያስተማሩት ብዙ ህንዳውያንም እንግሊዝኛን ራሳቸው በትምህርት ቤት ያገኙት ነበሩ። ከ250 በላይ አሜሪካውያን የሰላም ጓዶች በ1955 የትምህርት ዘመን ለማስተማር ሲመጡ፣ ተማሪው የኩቤክንም የህንድንም እንግሊዝኛ መስማት ለምዶ ነበር። በዚህ መንገድ የተማረው ትውልድ በአሜሪካና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ገብቶ ተመርቋል፣ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎችም አገሩን ወክሎ ተከራክሯል። መምህራኑ የቋንቋው ተወላጆች አለመሆናቸው ይህን አልከለከለውም።

ተቃራኒው ሙከራ የመጣው በ1997 ዓ.ም ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ገባ፤ ሁላችንም ፕላዝማ ያልነው ማለት ነው። በስክሪኑ ላይ የሚናገሩት አቅራቢዎች እንግሊዝኛቸው የተቀላጠፈ ነበር። ተማሪዎች ግን ፍጥነቱንና ቅላፄውን መከተል አቃተን አሉ፤ ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያየው መምህር ደግሞ ስርጭቱን ማስቆም አይችልም ነበር። ያ መምህር በራሱ ቅላፄ ቢያስተምር ኖሮ የተማሪውን ፊት አይቶ ይደግመው፣ ያዘግመው፣ በሌላ ቃል ይመልሰው ነበር። ስክሪኑ ይህን ማድረግ አይችልም። መግባባት በተናጋሪው ምላስ ብቻ የሚያልቅ ነገር ቢሆን ኖሮ ፕላዝማ ያን ያህል ቅሬታ ባላስነሣ ነበር።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፦ መምህርና ተማሪ ይላመዳሉ፣ የማያውቀን ሰው ግን አይጠብቀንም፤ በተለይ ስሕተት ነፍስ በሚያጠፋበት ቦታ እንደ ተወላጅ መናገር ግዴታ ነው። እንዲህ ያለው ቦታ የአውሮፕላን ሬዲዮ ነው፤ ሕጉ ግን ሌላ ነገር ይላል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 አጽድቆ ከ2008 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው መመዘኛ ስድስት ደረጃዎች አሉት። ለዓለም አቀፍ በረራ የሚጠየቀው አራተኛው ሲሆን፣ በዚህ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋ በቅላፄው ላይ ቢሰማም፣ መግባባትን የሚያውከው አንዳንዴ ብቻ እስከሆነ ድረስ ተናጋሪው ያልፋል። ቅላፄው በሙያው ላሉት ሁሉ የሚገባ እንዲሆን የሚያዘው መመሪያም የቋንቋውን ተወላጅ ነፃ አያወጣም። የቴክሳሱ አብራሪም ሆነ የግላስጎው ተቆጣጣሪ ለአዲስ አበባ ጆሮ እንዲገባ የመናገር ግዴታ አለበት።

ይህ ማለት ግን አነጋገር እንዳሻው ይሁን ማለት አይደለም። አማርኛ የተነባቢን መጥበቅና መላላት ይለያል እንጂ በአናባቢ ርዝመት ቃል አይለይም፤ ስለዚህ «ሺፕ» እና «ሺይፕ» አፋችን ላይ አንድ ሲሆኑ፣ መርከብ ያልነው በግ ሆኖ ሊሰማ ይችላል። በቃል ውስጥ የሚያርፈው ጫና ቦታውን ሲስትም ሰሚው ቃሉን ከነአካቴው ሊያጣው ይችላል፤ ምላስን በጥርስ መሀል አውጥቶ የሚባለው ድምፅ በ«ዝ» ወይም በ«ስ» ቢተካ ግን ከዐውዱ ይገባዋል። ትምህርት ቤቶቻችን ለዓመታት የደከሙት በዚህ በመጨረሻው ነው። ያ ድካም ወደ ቃል ጫናና ወደ አናባቢ ርዝመት ቢዞር፣ የቀረውም ሰዓት ልዩ ልዩ የዓለም ሕዝቦችን እንግሊዝኛ ለማዳመጥ ቢውል፣ ተማሪው የበለጠ ይጠቀማል።