ስንተኛው «የመጨረሻ» ነው? የባካፕ ስም አጭር ታሪክ

«ሪፖርት_የመጨረሻ»፣ «ሪፖርት_የመጨረሻ_2»፣ «ሪፖርት_የእውነት_የመጨረሻ»። ሦስቱም በአንድ ቀን የተቀመጡ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ፎልደር የሌለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ነገሩ ያስቃል፤ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ዕለት ግን «የትኛው ይመለስ?» የሚለው ጥያቄ አያስቅም። ሥራ ቆሞ፣ ሰው እየጠበቀ፣ አንድ በአንድ እየከፈቱ ማወዳደር ነው።

ችግሩ ከእኛ ጋር አልተወለደም። (ከዚህ በታች ያሉት የኮምፒውተር ታሪክ ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ይህን መጻፍ ለምን እንዳስፈለገኝ ወደኋላ ይገባችኋል።) በ1960ዎቹ መጨረሻ በኤምአይቲ የተሠራው አይቲኤስ የተባለ ሲስተም ለእያንዳንዱ ፋይል ሁለት ስም ይሰጥ ነበር። ሁለተኛው ስም ቁጥር ከሆነ፣ ባስቀመጡ ቁጥር ሲስተሙ ራሱ አንድ እየጨመረ አዲስ ፋይል ይፈጥራል። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያም በ1977 ከቫክስ ኮምፒውተሩ ጋር ያስተዋወቀው ቪኤምኤስ እንደዚሁ ነው፤ ከስሙ ኋላ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቆጥራል፣ የቀደመውን አይነካም። ዲስኩ ሲሞላ «ፐርጅ» በሚል ትእዛዝ የድሮዎቹን መጥረግ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ብታስቀምጡ አሥሩም ተራቸውን ይዘው ይቆያሉ።

ታዲያ ይሄ ጥሩ ነገር ለምን አልደረሰንም? የእኛ ፒሲ የመጣው በሌላ መንገድ ነዋ። ጌሪ ኪልዶል በ1974 የሠራው ሲፒኤም ለፋይል ስም የፈቀደው ስምንት ፊደል፣ ለዓይነቱ ደግሞ ሦስት ብቻ ነበር። በ1981 የወጣው ዶስም ይህንኑ ወረሰ። ስምንት ቦታ ለዓመት፣ ለወርና ለቀን ብቻ በቃ፤ ለሰዓቱ ይቅርና ለፋይሉ ለራሱ ስም ቦታ የለም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ብዙ ፕሮግራሞች የቀደመውን ቅጂ «.ባክ» ብለው ያስቀምጡ ነበር። ባካፑ አንድ ብቻ ነው፤ አዲሱ ሲመጣ የፊተኛው ይጠፋል። ጠዋት የሠራችሁትን ከሰዓት በኋላ ልመልስ ብትሉ የለም። ዊንዶውስ 95 በ1995 የስሙን ርዝመት እስከ 255 ፊደል ሲከፍተው ቦታው ተገኘ፤ ልማዱ ግን ሳይኖር ቀረ። በሰፊው ቦታ ላይ «የመጨረሻ» ብለን መጻፍ ጀመርን።

ልማዱ በሌላ በኩል እየተሠራ ነበር። በ1988 የወጣው አይኤስኦ 8601 የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ቀንን ከትልቁ ወደ ትንሹ እንድንጽፍ ይላል፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ። ጥቅሙ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ስሞችን በፊደል ተራ ሲደረድር በጊዜ ተራም ይደረደራሉ። ዜሮዋ ግን መዘለል የለባትም፤ ብዙ ፕሮግራሞች ስምን የሚያነቡት እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ፊደል ስለሆነ «10» ከ«2» በፊት ይመጣል። «02» ብትሉት ይስተካከላል። በሰዓቱና በደቂቃው መካከል ሁለት ነጥብ ማስገባትም አይሆንም፤ ዊንዶውስ ያቺን ምልክት ለዲስክ መለያ ስለያዛት በፋይል ስም ውስጥ አይቀበላትም።

«ፋይሉ ራሱ የተቀመጠበትን ሰዓት ይይዝ የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ይይዛል። ግን በኢሜይል ሲላክ፣ ዳውንሎድ ሲደረግ፣ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ሲገለበጥ ያ ሰዓት ብዙ ጊዜ ይቀየራል። ስሙ ግን አብሮ ይጓዛል።

እኛ አገር ሲደርስ ነገሩ አንድ እጥፍ ይከብዳል። «2016-01-05» የሚል ፋይል ብታገኙ ጃንዋሪ 5 ቀን ነው ወይስ መስከረም 5? በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በፈረንጁ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 ነው። በሁለቱ ንባቦች መካከል ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ሰዓቱስ? አንድ ጊዜ በሠራሁበት ቢሮ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት ባካፕ ያዙ። አንዱ የኮምፒውተሩን ሰዓት አይቶ «08» አለው። ሌላዋ በአበሻ ሰዓት «03» አለችው። ዳታቤዙ ሲበላሽ ስምንት ከሦስት ይበልጣል ተብሎ «08» ተመለሰ። የእሷ ሦስት ሰዓት ግን በኮምፒውተሩ ዘጠኝ ነው፤ አዲሱ የእሷ ነበር። በመሀል የገባው የአንድ ሰዓት ክፍያ ከወረቀት ደረሰኝ እየተለቀመ እንደገና ተመዘገበ። ሁለቱም ሰዓቱን በትክክል ነው የጻፉት። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግን ስሙ አይናገርም።

የድሮ ቁም ጸሐፊዎቻችን ይህን ጣጣ ያውቁታል። ዓመታት በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይጠራሉ፦ ዘመነ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። በየአራት ዓመቱ ስለሚደጋገም «በዘመነ ማርቆስ ተጻፈ» ብቻ ማለት የትኛው ማርቆስ እንደሆነ አይነግርም። ስለዚህ በብዙ ብራናዎች መጨረሻ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ወይም የንጉሡ ስም አብሮ ይገኛል። አንዱ ምልክት ቢያሻማ ሌላው ይለየዋል።

እኛ ፕሮግራመሮች ዛሬ የምንሠራበት ጊት፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጀመረው፣ ስሙን ከይዘቱ ያወጣል፤ አንዲት ነጥብ ከተቀየረች 40 ሆሄ ያለው መለያ ይቀየራል። ለማሽን ፍጹም ነው፤ ለሰው ግን አይነበብም። ለዚህ ነው ጊት ራሱ «ምን ቀየርክ?» ብሎ አንድ መስመር መልእክት የሚጠይቀን።

ሁሉንም አንድ ላይ ሳስቀምጥ እኔ የምጠቀመው ስም ይህን ይመስላል፦ «ደንበኞች_2024-05-12_1435_እኤአ_ከዋጋ-ለውጥ-በፊት»። ምንድን ነው፣ መቼ ነው፣ በየትኛው አቆጣጠር፣ ለምን ተቀመጠ። ሰዓቱ በ24 ነው፤ ጠዋትና ማታ አይምታታም። «የመጨረሻ» የሚለውን ቃል አውጥቼዋለሁ፤ የመጨረሻ መሆኑን ማወቅ የሚችለው ከእኛ በኋላ የሚከፍተው ሰው ነው።