የጨለማው ልዑል እና 6 ቮልቱ

እንግሊዞች ቢራ ለብ ብሎ የሚጠጡት ለምንድን ነው? ማቀዝቀዣቸውን ሉካስ ስለሠራው!

የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ወዳጆች ሲገናኙ ይህችን ቀልድ ሳይጥሏት አይለያዩም። ጆሴፍ ሉካስ በርሚንግሃም ውስጥ በፋኖስ ሥራ የጀመረው ድርጅት ኋላ ላይ ለቢ.ኤስ.ኤ.፣ ለትራያምፍና ለኖርተን የኤሌክትሪክ ዕቃ አቅራቢ ሆነ። ታዲያ መብራት በጠፋ ቁጥር ተወቃሹ እሱ ነበርና «የጨለማው ልዑል» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። እኛ ደግሞ ዛሬ ለተከሳሹ ጥብቅና ልንቆም ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዘመኑ የተለመደው የሉካስ ዲናሞ 6 ቮልት፣ 60 ዋት ነበር። አንድ የድሮ የቤት አምፖል ማለት ነው! የፊት መብራቱ ብቻ ግማሹን ያህል ይወስዳል። በተረፈችው የኋላ መብራት ይበራል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ባትሪ ይሞላል። ሞተሩ ቀስ ሲል ደግሞ ዲናሞው ከናካቴው አይሞላም። በዚያ ላይ 6 ቮልት ለተመሳሳይ ዋት ከ12 ቮልት እጥፍ ከረንት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ትንሽ የዛገ ሽቦ መብራቱን ለማደብዘዝ ይበቃል።

መሐንዲሶቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ1953 ትራያምፍ ስፒድ ትዊን ላይ ዲናሞው በአልተርኔተር ተተካ። ሬጉላተር ግን አልነበረውም። ነጂው መብራት ሲያበራ ማብሪያው ራሱ ተጨማሪ ጥቅሎችን ያገናኛል፤ የቀረው የባትሪው ዕድል ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ 12 ቮልት መጣ፤ ከእሱ ጋር ዜነር ዳዮድ። ይህች ቁራጭ ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት ትለውጣለች። እንድትቀዘቅዝም ነፋስ በሚያገኛት ቦታ አሉሚኒየም ላይ ታሰረች።

እ.ኤ.አ. በ1969 ግን ሆንዳ ሲቢ 750 በቁልፍ ጭነት የሚነሳ ሞተር ይዞ ከች አለ። እንግሊዞቹ ገና በእግር እየረገጡ ነበር። በ1973 የቢ.ኤስ.ኤ. ሞተር ሳይክል ሥራ ኖርተን ቪሊየርስ ትራያምፍ ወደተባለው ድርጅት ተጠቀለለ። መብራት ብቻውን ጣላቸው አንልም፤ ሌላውም ብዙ ነው።

ዛሬ እነዚህን ሞተሮች የሚያድሱ ሰዎች ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን «ቡሎኑ ሳይቀር እንደ ጥንቱ ይሁን» ይላል። ሌላው የሬክቲፋየሩንና የዜነሩን ሥራ አጣምሮ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሬጉላተር ይገጥማል፤ ዲናሞውን ወደ 12 ቮልት ያሻግራል፤ ጥቂት ኃይል የሚበላ ኤል.ኢ.ዲ. ያስገባል። (ጥንቃቄ! ብዙዎቹ ሞተሮች ከሻንሲ ጋር የሚታሰሩት በባትሪው ፖዘቲቭ በኩል ነው። እንደ ዛሬ መኪና ገልብጦ ያሰረ አዲሱን ሬጉላተር ያቃጥላል።)

እኛ ከሁለተኛው ወገን ነን። የእነዚህ ሞተሮች ታሪክ ራሱ የማሻሻል ታሪክ ነው፤ ከ6 ወደ 12፣ ከዲናሞ ወደ አልተርኔተር። ዛሬ የሚያሻሽላቸው ሰው ታሪኩን አላቋረጠም፣ ቀጠለው እንጂ። አዲሱን ሬጉላተር በአሮጌው ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ መደበቅ ይቻላል፤ የወጣውንም ዕቃ ጠቅልሎ ማስቀመጥ። ነጂው ግን በጨለማ መንገድ ላይ ከኋላው ለሚመጣ ከባድ መኪና መታየት አለበት። የታየ ነጂ ቤቱ ይገባል፤ ስለ ሉካስም ይቀልዳል።