የፍቅር ታሪክ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር

ፍቅር አገር የለውም ይባላል። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም ጉድለት አለበት። ፍቅሩ በየትም ምድር ያው ሊሆን ይችላል፤ ፍቅሩን የሚያግደውን አጥር ግን እያንዳንዱ ኅብረተሰብ በታሪኩ ሂደት የሠራው በገዛ እጁ ነው። ስለሆነም አንድን የፍቅር ተውኔት ወይም ፊልም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚያሻግር ከያኒ ቃላትን መልሶ ብቻ ሥራው አይፈጸምለትም። አጥሩን በተመልካቹ አገር ድንጋይ እንደገና መካብ ይጠበቅበታል።

በዚህ ረገድ የደቡብ ሕንድ የፊልም ታሪክ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው «ካሊዳስ» የመጀመሪያው የታሚል ተናጋሪ ፊልም ተብሎ ይቆጠራል። ሆኖም በፊልሙ ውስጥ ሴቲቱ በታሚል ስትናገር ወንዱ በቴሉጉ ይመልስላት ነበር። ተመልካቹም ይህን እንደ ነውር አልቆጠረውም። በ1934 «ሳቲ ሱሎቻና» የካነዳ ቋንቋን ወደ ፊልም አስገባ። በ1956 የሕንድ ክፍላተ ሀገር በቋንቋ ሲደራጁ ግን ቋንቋ የድንበር ምልክት ሆነ። የካነዳ ተናጋሪዎች በአንድ በኩል በታሚልና በቴሉጉ፣ በሌላ በኩል በሂንዲ ፊልሞች እንዳይዋጡ በመስጋት በ1960ዎቹ ተነሡ። የሌላውን ፊልም እንዳለ ወስዶ በተዋንያኑ አፍ ላይ የካነዳ ድምፅ መጫን እንዲቀር ጠየቁ። ታላቁ ተዋናይ ራጅኩማርም ከንቅናቄው ጋር ቆመ። እገዳው የመንግሥት ሕግ ሳይሆን የባለሙያ ማኅበራት አቋም ነበር፤ ይሁን እንጂ በ2015 የሕንድ የንግድ ውድድር ኮሚሽን እስኪቃወመው ድረስ ለአምሳ ዓመት ያህል ጸንቶ ኖሯል።

ውጤቱ የታሰበው ብቻ አልነበረም። በሩ ለድምፅ ሲዘጋ ታሪኩ በሌላ በር ገባ። የታሚልን ታሪክ የወደደ ሁሉ በራሱ ተዋንያን፣ በራሱ መንደርና በራሱ ዘፈን እንደገና ሊሠራው ግድ ሆነበት። በ2004 ባላጂ ሻክቲቬል ያዘጋጀው «ካደል» የተባለው የታሚል ፊልም የማዱራይ ከተማ የሞተር ብስክሌት መካኒክና አንዲት የባለጸጋ ልጅ የሆነች ተማሪ ያፈቀሩትን ፍቅር ያሳያል። የልጅቱ ወገኖች በዘር ደረጃቸው የሚኮሩ ናቸው። ልጁን ቀጥቅጠው አእምሮውን ያስቱታል፤ እርሷንም ለሌላ ይድሯታል። ኤስ ናራያን በ2007 ይህንኑ በካነዳ «ቸሉቪና ቺታራ» ብሎ ሠራው። መካኒኩን የተጫወተው ጋኔሽ ነበር። በዘር ደረጃ ሰውን የሚለየው ሥርዓት በካርናታካም ስላለ አጥሩ ብዙ ጥገና አላስፈለገውም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ታሪክ ሲሰማ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ማስታወሱ አይቀርም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ድሃውን መምህር ከፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የለየው አጥንት ቆጠራ ነው። መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ ፊደል ያልቆጠረውም ሕዝብ የጎጃሙን ግቢ እንደ ሠፈሩ አወቀው። ይህም በበኩሉ ከመጽሐፍ ወደ ጆሮ የተደረገ መሻገር ነው። ሆኖም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የባላባቱን የመሬት ይዞታ ሽሮታል። ዛሬ የፊታውራሪውን ግቢ በመድረክ ላይ መልሶ የሚተክል ከያኒ የሚያሳየው ያለፈ ዘመን ነው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ታሪክ ወደ ራያ ቆላ፣ ወደ ቆቦ ቢወርድ አጥሩ በምን ይካባል? ከዞብል ተራራ ግርጌ፣ ከጎሊና ወንዝ ወዲህና ወዲያ በማሽላ እርሻ መካከል የሚኖረው ሕዝብ የከበደ ሚካኤልን «ሮሜዎና ዡልዬት» ያለ ሐተታ ይረዳዋል። ሁለት ቤተሰቦች ደም ሲቃቡ ልጆቻቸው መተያየት እንደማይችሉ ለራያ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቋንቋውም ቢሆን እንቅፋት አይሆንም። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ በዚያ ምድር በገበያም በሠርግም ሲቀላቀሉ ኖረዋል። የነሐሴው የልጃገረዶች ጨዋታ ሶለልም በቆቦ ሲደምቅ፣ ከሰሜን ያለችው ጎረቤት አሸንዳ ትባላለች። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ ቆቦና አላማጣ በሁለት ክልሎች ተከፈሉ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ጦርነትም ምድሩን ክፉኛ ጎዳው። ለራያ የሚጻፍ የፍቅር ተውኔት ስለዚህ እንደ «ካሊዳስ» በሁለት አንደበት ቢናገር ከዋና ከተማ በተላከ በአንድ ወጥ ቋንቋ ከሚናገረው ይልቅ ለኑሮው የቀረበ ይሆናል።

ከባዱ ችግር ሌላ ቦታ ነው። በቬሮና ሁለቱን ቤተሰቦች የሚያስታርቀው የልጆቻቸው ሬሳ ነው፤ ከዚያ በፊት ገብቶ ደሙን የሚያደርቅ የሽማግሌ ሸንጎ በተውኔቱ ውስጥ የለም። በራያ ቆቦ ግን ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ ዘወልድ የተባለ ባህላዊ ሥርዓት አለ። ተመልካቹ ገና በሁለተኛው ገቢር «ሽማግሌዎቹ የት ሄዱ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጸሐፊው ዘወልድን ቢያስገባ የሼክስፒር ታሪክ ከመካከሉ ይፈታበታል፤ ቢያስቀር ደግሞ ራያ ያልሆነ ራያ ይጽፋል። አንድ መንገድ የሚቀረው ይመስላል፤ ይኸውም መነኩሴው ሎሬንሶ የያዘውን ቦታ ለአንድ ሽማግሌ መስጠት ነው። ነገር ግን መነኩሴው ሁለቱን ያጋባው በምሥጢር ነበር። ሽማግሌ ደግሞ የሚያስታርቀው በአደባባይ፣ የሟች ወገን እያየ ነው።