ዜና አባ ባሕርይ ዘጋሞ

በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመነ መንግሥት በጋሞ ምድር አባ ባሕርይ የሚባል መነኩሴ ነበረ። ሊቃውንት ስሙን ከብርብር ማርያም ጋር ያነሣሉ፤ እርሷም ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በስተምዕራብ ያለች ጥንታዊት ደብር ናት።

በዚያም ወራት ኦሮሞዎች በየስምንት ዓመቱ ሉባ በሉባ፣ ማለት በገዳ ሥርዓት ተረኛው ወገን በተረኛው፣ እየተተካ ዘመቱ። ጋሞም ተወጋች፤ የመነኩሴው ገንዘብ ተዘረፈ። እርሱ ግን በኀዘን አልተቀመጠም፤ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ የእነዚሁን ዘማቾች ዜና በግእዝ ጻፈ። የቦረናንና የበርቱማን ነገድ ቈጠረ፤ ከሉባ መልባ አንሥቶ እያንዳንዱ ሉባ የቱን አገር እንደ ወጋ በተራ አኖረ። የክፉዎችን ነገር ለምን ትጽፋለህ የሚለው እንደማይጠፋ ዐውቆ፣ የእስላም ነገሥታት ታሪክም በቀደሙት መጻሕፍት ተጽፏል ሲል አስቀድሞ መለሰ። የተዘረፈ ሰው ነውና ብርቱ ቃል አለበት፤ ቢሆንም የገዳን ታሪክ የሚመረምር ሁሉ ዛሬም ከእርሱ ደጅ ይደርሳል።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው 19ኛውን ምዕራፍ ነው። በዚያ፣ ቍጥራችን በዝቶ ሳለ ስለ ምን ተሸነፍን ብሎ ጠየቀ። ያገሩን ሰው ከዐሥር ወገን ከፈለው፤ ዘጠኙ ጦር ሜዳ አይውልም፣ ጋሻና ጦር የሚይዝ ዐሥረኛው ብቻ ነው አለ። እያጨበጨበ በእግሩ የሚያሸበሽበውን፣ ከዘመቻ መቅረቱን እንደ ነውር የማይቈጥረውን ደብተራ በሁለተኛው አኖረ። በመጀመሪያው ግን መነኮሳትን አስቀመጠ፤ በልጅነታቸው ከሚመነኵሱትም መካከል ይህን ዜና የጻፈውን፣ ራሱን ቈጠረ። በኦሮሞ ዘንድ ግን ታላቁም ታናሹም ጦርነት ይማራል አለ።

ይህን ሥራ ከሌላ ጋር ላነጻጽር፤ ከ40 ዓመት ያህል በኋላ በአየርላንድ ሚኸል ኦ ክሌሪ የተባለ የፍራንሲስካውያን ማኅበር ወንድም፣ የአገሩ መሳፍንት ሥልጣን በእንግሊዝ ሲፈርስ አይቶ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ከ1632 እስከ 1636 ድረስ የአየርላንድን ዜና መዋዕል ከየብራናው ሰበሰበ። ኦ ክሌሪ የገዛ ወገኑን ዜና ከጥፋት አዳነ። የጋሞው መነኩሴ ግን እርሱን የወጋውን ወገን ሥርዓት መረመረ፤ ይህ ለተበደለ ሰው እጅግ የሚከብድ ሥራ ነው።

የአባ ባሕርይንም መጽሐፍ ጀርመናዊው ሽላይኸር በ1893፣ ጣሊያናዊው ጉይዲ በ1907 አሳተሙት። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እ.ኤ.አ. በ2002 «የአባ ባሕርይ ድርሰቶች» ብለው ከአማርኛ ትርጉም ጋር አወጡ።